ከደረስን አሥራ አንድ ቀናችን ነው፤ ልጆቹን አሁኑኑ ትምህርት ቤት እናስገባ ወይስ እንቆይ?

ጠያቂ፦ አዲስ ደራሽ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ከአገራችን ወጥተን አዲሱ መኖሪያችን ከገባን ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናችን ነው። የገባንበትን አገር ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ የምጠይቀው ነገር የትም የገባ ቤተሰብ የሚገጥመው ስለሚመስለኝ፣ በተለያየ ቦታ የምትኖሩ ሁሉ ብትመልሱልኝ እወዳለሁ።

ሴቷ ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን የዚህን አገር ቋንቋ ቀድሞ ትምህርት ቤት ስለተማረችው በደንብ ትግባባበታለች። ወንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቃል አያውቅም። የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ አሥር ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ባለቤቴ «ልጆቹ እንቅልፋቸው እንኳ ገና አልተስተካከለም፤ የቀረውን ጊዜ ቤት ይረፉና በአዲሱ ዓመት ከእኩዮቻቸው ጋር እኩል ይጀምሩ» ትላለች። እኔ ደግሞ ቤት በዋሉ ቁጥር ፍርሃታቸው ይበረታል ባይ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሌሊት ተከራክረናል። ሌሊት ያልኩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ከመጣንበት አገር ጋር ስምንት ሰዓት ስለምንለያይ፣ አራታችንም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐይናችንን አፍጥጠን እንቀመጣለን።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የወንዱ ልጅ ሁኔታ ነው። ለፍላፊ የነበረ ልጅ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ከደጅ በወጣን ቁጥር አንደበቱ ይዘጋል። ሰው ሰላም ሲለው ከእናቱ ጀርባ ይደበቃል፤ የሚያስፈልገውን ነገር እንኳ በጆሯችን በሹክሹክታ ነው የሚነግረን። እህቱ ግን ዕድሜ ይስጣትና ቤቱን ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች። ከአከራያችን ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት፤ ባንክ ቤትም እሷ ናት፤ ትናንት ባለቤቴ ክሊኒክ በሄደች ጊዜ የሐኪሙን ቃል የተረጎመችላትም እሷው ናት። እሷ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ልጆቹን አሁን ማስገባት ይሻላል ወይስ መቆየት? የወንዱ ልጅ ዝምታስ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው? ያለፈባችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ገባችሁ። እኛ ሰባተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ ያን የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እንቅልፍ ልናገር፣ ምክንያቱም እንቅልፍ ያጣ ባልና ሚስት ምንም ጉዳይ በሰላም አይወስኑም።

የሰውነት ሰዓት ከአዲስ ቦታ ጋር የሚስተካከለው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ለስምንት ሰዓት ልዩነት ከአንድ ሳምንት ትንሽ በላይ ይበቃል ማለት ነው። እናንተ በአሥራ አንደኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የምትነቁ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ትላላችሁ፣ ወይም አመሻሽ ላይ መጋረጃ ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ከምትነቁበት ሰዓት ስገምት ወደ ምዕራብ ነው የተጓዛችሁት፤ ይህ ዕድለኝነት ነው። የሰው የውስጥ ሰዓት ከሃያ አራት ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚረዝም፣ ቀኑን ማራዘም ከማሳጠር ይቀልለዋል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ናቸው ብዙ የሚሰቃዩት። አመሻሽ ላይ ልጆቹን ይዛችሁ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን ተመላለሱ። ሌሊት ስትነቁ ግን መብራት አታብሩ፤ ስልክም አትክፈቱ። አራት ወይም አምስት ቀን ብትታገሡ ይስተካከላል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ባለቤትዎም እርስዎም ያላያችሁት አንድ ስሌት አለ። የቀረው አሥር ሳምንት ብቻውን የቆመ አይደለም፤ ከኋላው ረጅሙ የዓመት መጨረሻ ዕረፍት አለ። አሁን ካልገቡ ልጆቹ ያለ እኩያ የሚቆዩት አሥር ሳምንት ሳይሆን፣ ዕረፍቱ ሲደመር አራትና አምስት ወር ነው። አሁን ከገቡ ግን ዕረፍቱ ሲመጣ ቢያንስ የአንድ ልጅ ስም ያውቃሉ፤ መምህራኑም ደረጃቸውን አይተው የሚቀጥለውን ዓመት ያዘጋጁላቸዋል። ደግሞም በብዙ አገሮች ለትምህርት የደረሰ ልጅ ቤት ማስቀመጥ የወላጅ ምርጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 28 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃ ብቻ ሳይሆን ግዴታም እንዲሆን ይላል፤ የገባችሁበት አገር ሕግ መጤ ልጅ ከገባ በስንት ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ከመዘጋጃ ቤቱ ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ።

ይህን ስል ነገ ጠዋት ቦርሳ አሸክማችሁ ላኳቸው ማለቴ አይደለም። ምዝገባውን ዛሬ ጀምሩ፤ ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ይወስዳል፣ በዚያ መሀል እንቅልፋቸው ይስተካከላል። የሚጠየቀው በአብዛኛው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤት ውጤትና የአድራሻ ማስረጃ ነው። የመጨረሻው ነው ሰው የሚያስለቅሰው። ባንኩ አድራሻ ይጠይቃል፤ አከራዩ የባንክ ሂሳብ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሁለቱንም ውጤት ይጠይቃል። እኛ ይህን ክብ የሰበርነው ለጊዜው ያረፍንበት ቤት ባለቤት በፈረመልን አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነበር። እናንተም ጊዜያዊ የኪራይ ውል፣ የአሠሪ ደብዳቤ ወይም ያስጠጋችሁ ሰው የሰጠው ማረጋገጫ ይቀበሉ እንደሆነ በየቢሮው ጠይቁ፤ አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ይቀበላልና በመጀመሪያው እምቢታ አትመለሱ።

ስለ ሰነዶቹ ሁለት ነገር ልጨምር። ከአገር ቤት የመጣ ሰነድ ተተርጉሞ ብቻ አይበቃም፤ እውነተኛነቱ መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ የተፈረመው ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባለው አንድ ማኅተም ይበቃል። ከሁለቱ አገሮች አንዱ አባል ካልሆነ ግን ሰነዱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ ተራ በተራ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ይህ ከሩቅ ሆኖ ሲሠራ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ አገር ቤት ያለ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ አስጀምሩት። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ትርጉሙን ለሚሠራው ሰው ፓስፖርቱን ሳታሳዩ ሰነድ አትስጡ። በአንድ ቢሮ የባለቤቴ ስም ከፓስፖርቱ በአንዲት ፊደል ተለይቶ ተጻፈ፤ ያችን ፊደል ለማስተካከል አራት ወር ተመላለስን። ቀኖችንም አስተውሉ፤ ቀን ከወር የሚቀድምበት አገርና ወር ከቀን የሚቀድምበት አገር ስላለ፣ ወሩን በቃል ማጻፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

መልስ፦ የሁለተኛ ቋንቋ መምህርት

እኔ ለመጤ ልጆች ቋንቋ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። እህታችን ስለ ምዝገባው ያለችውን እደግፋለሁ፤ እኔ የማተኩረው በሁለቱ ልጆች ላይ ነው። ጥያቄዎን ሳነብ አንድ ነገር ገርሞኛል። እርስዎ የተጨነቁት ዝም ስላለው ልጅ ነው፤ እኔ ያሳሰበችኝ ግን የምትናገረው ልጅ ናት።

መጀመሪያ ስለ ትንሹ። በማያውቀው ቋንቋ የተከበበ ሕፃን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። በሙያችን የዝምታ ጊዜ እንለዋለን። ልጁ ሥራ የፈታ ይመስላል እንጂ አልፈታም፤ ያዳምጣል፣ የሰዎችን ፊትና እጅ ያነብባል፣ የቃላቱን ዜማ ይሰበስባል። ከተማሪዎቼ አንዱ ከገባ በአምስተኛው ወር አፉን ሲከፍት የመጀመሪያ ንግግሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ የጓደኛውን እርሳስ ማን እንደወሰደው ይመሰክር ነበር። ሐኪሞች መራጭ ዝምታ የሚሉት፣ መናገር የሚችል ልጅ በአንዳንድ ቦታ ብቻ አንደበቱ የሚዘጋበት ሌላ ችግር አለ፤ ነገር ግን ያንን ለመወሰን ዝምታው ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለበት፣ የትምህርት ቤት የመጀመሪያ ወርም አይቆጠርም፤ ምክንያቱ ቋንቋውን አለማወቅ ከሆነ ደግሞ መራጭ ዝምታ አይባልም። ስለዚህ በአሥራ አንድ ቀን ሐኪም አያስፈልገውም። ልብ ሊሉት የሚገባው ቤት ውስጥ ያለውን ሁኔታ ነው። ቤት ውስጥ በራሳችሁ ቋንቋ እንደ ቀድሞው የሚጫወት፣ የሚበላና የሚጣላ ከሆነ ደኅና ነው። ቤትም ውስጥ ዝም ካለ፣ ጨዋታ ከተወ፣ ወይም የራሱን ቋንቋ ከሚናገሩ ሌሎች ልጆች ጋርም አልናገርም ካለ፣ ያኔ ባለሙያ አማክሩ። «ተናገር እንጂ!» እያላችሁ በሰው ፊት አትጎትጉቱት። ከመግባቱ በፊት አራት ነገር ብቻ አስተምሩት፦ መጸዳጃ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ፤ ውኃ ጠማኝ፤ እዚህ ጋ ያመኛል፤ አልገባኝም። በቃል ካልሆነለት በሥዕል ሠርታችሁ በኪሱ ክተቱለት። ለመምህሩም የስሙን ትክክለኛ አጠራር ንገሩት፤ ስሙ ተጣምሞ ሲጠራ መልስ የማይሰጥ ልጅ መስማት የተሳነው ሲመስላቸው አይቻለሁ።

አሁን ወደ እህቱ። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታ ለይቶ አሳይቷል። አንዱ በገበያና በጨዋታ የምንግባባበት ሲሆን፣ መጤ ልጆች በሁለት ዓመት ገደማ ይይዙታል። ሌላው የታሪክና የሳይንስ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ መልስ በጽሑፍ የሚብራራበት የትምህርት ቋንቋ ነው፤ በዚህ ከአገሬው ተማሪ ጋር እኩል ለመሆን አምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። የከሚንስ ትልቁ ማስጠንቀቂያ እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ነው። ልጁ አቀላጥፎ ስለተናገረ ቋንቋውን ጨርሷል ተብሎ ድጋፉ ይቋረጣል፤ ኋላ በፈተና ሲወድቅ ደግሞ ምክንያቱ የቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የአእምሮ ድክመት ይባላል። ሴት ልጃችሁ የዚህ ስሕተት ሰለባ ለመሆን የተመቸች ናት። በምዝገባው ቀን መዝጋቢዋ ሁለት ደቂቃ አነጋግራት «ጎበዝ ናት፣ ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት አያስፈልጋትም» ልትል ትችላለች። እሺ አትበሉ፤ የማንበብና የመጻፍ ምዘና ይደረግላት በሉ። በሌላ በኩል ቋንቋ አልበቃትም ተብሎ ከዕድሜዋ በታች ክፍል እንዳትመደብም ተከራከሩ። ሒሳብ የሚያውቅን ልጅ ቋንቋ ስላነሰው ሒሳብ እንዲደግም ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የራሳችሁን ቋንቋ አትተዉ። አንዳንድ መምህር፣ በቅንነት፣ «ቤትም በአዲሱ ቋንቋ ተነጋገሩ» ይላችኋል። በተሰባበረ ቋንቋ የሚያወራ አባት ለልጁ የሚሰጠው የተሰባበረ ቋንቋ ብቻ ነው። በራሱ ቋንቋ መጽሐፍ የተነበበለት፣ «ለምን?» ብሎ ጠይቆ ረጅም መልስ ያገኘ ልጅ፣ ያንን ሐሳብ ወደ አዲሱ ቋንቋ ይዞ ይሻገራል።

መልስ፦ የሆስፒታል አስተርጓሚ

መምህርቷ ስለ ሴቷ ልጅ የጀመሩትን ልቀጥል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ውስጥ ካለው ሁሉ እኔን የያዘኝ «የሐኪሙን ቃል የተረጎመችላትም እሷው ናት» የሚለው መስመር ነው። ወንድሜ፣ ይህን ለማሳጣት አልናገርም። አዲስ የገባ ቤተሰብ ሁሉ ያደርገዋል፤ እኔም ራሴ ልጅ ሆኜ ለእናቴ አድርጌዋለሁ፣ ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በዚያ ሳቢያ ነው።

ግሌን ፍሎረስ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው ጥናት አለ። በአስተርጓሚ የተካሄዱ አሥራ ሦስት የሕክምና ጉብኝቶችን ቀድተው እያንዳንዱን ቃል መረመሩ። በአንድ ጉብኝት በአማካይ ሠላሳ አንድ የትርጉም ስሕተት ተገኘ፤ ከስሕተቶቹ 63 በመቶ የሚሆኑት በሕክምናው ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። በሆስፒታል አስተርጓሚዎች ከተፈጸሙት ስሕተቶች ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉት 53 በመቶ ሲሆኑ፣ በአጋጣሚ በተገኘ ሰው ከተፈጸሙት ግን 77 በመቶ ነበሩ። አሥራ ሦስት ጉብኝት ብዙ አለመሆኑን፣ ባለሙያውም ከስሕተት የማይድን መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በአጋጣሚ ከተገኙት አስተርጓሚዎች መካከል አንዱ የታማሚው የአሥራ አንድ ዓመት ወንድም ወይም እህት እንደነበረ ሳነብ፣ የራሴ ልጅነት ነው ፊቴ የተደቀነው።

ከስሕተቱ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ልጅ የእናቷን የምርመራ ውጤት ከእናቷ ቀድማ ትሰማለች። መጥፎ ዜና ከሆነ ታለሰልሰዋለች ወይም ትደብቀዋለች። እናትም በልጇ አፍ የማትናገረው ሕመም ስላለ፣ ሐኪሙ መስማት ያለበትን ሳይሰማ ይቀራል። በኪራዩም ጉዳይ ቢሆን የቤቱን ገንዘብ ማነስ የምታውቅ ልጅ ትሆናለች። ከአከራይ ጋር የምትከራከር ልጅ ማታ አባቷ «ተኚ» ሲላት መታዘዝ ቢያቅታት አይፍረዱባት፤ ቀኑን ሙሉ የቤቱ አዋቂ እሷ ነበረች።

የሚደረገው ቀላል ነው። ቀጠሮ ስትይዙ በዚያው ጊዜ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ የቋንቋችሁን ስም ጥቀሱ፤ ባለቤትዎ ሴት አስተርጓሚ ከመረጠችም ያንኑ ተናገሩ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በአገሩ ቋንቋ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በብዙ አገሮች የመንግሥት ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ሰው በአካል ባይገኝ በስልክ ይሠራል፤ የስልክ አስተርጓሚ አዲስ ነገር አይደለም፣ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ስትሠራበት ቆይታለች። አስተርጓሚው ሲመጣ ዐይናችሁ ወደ ሐኪሙ ይሁን፤ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ያልገባችሁን በይሉኝታ ራስ በመነቅነቅ አትለፉት።

ለትምህርት ቤት ምዝገባ የሚጠቅም ሁለት ነገር ልጨምር። የክትባት ካርድ ከጠፋ አትደንግጡ፤ አንድን ክትባት መድገም በአብዛኛው ጉዳት ስለሌለው ሐኪሙ ከመጀመሪያው ሊያስጀምራቸው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከተጠየቃችሁ ደግሞ ልጆቹ ቢሲጂ መከተባቸውን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቢሲጂ የተከተበ ሰው ክንዱ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ ሳይታመም «አለበት» ሊል ይችላል፣ የደም ምርመራው ግን በክትባቱ አይሳሳትም። መድኃኒት ስትገዙም በካርቶኑ ላይ ከንግድ ስሙ ሥር የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። ፓራሲታሞል የምትሉት በአንዳንድ አገር አሴታሚኖፌን ይባላል፤ ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሏቸው ደርበው ወስደው ጉበታቸውን የጎዱ ሰዎች አሉ።

መልስ፦ ቆይቶ ያስገባ

ሁሉም «አስገቡ» ስላለ እኔ በሌላው ወገን ልቁም። እኛ ስድስት ወር ጠብቀን ነው ትልቁን ልጃችንን ያስገባነው፤ አልተጸጸትንም። ነገር ግን የእኛ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሊገባበት የነበረው ክፍልም አገር አቀፍ ፈተና የሚወስድ ነበር። በማያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ የወደቀበት ውጤት በመዝገቡ ላይ ለዘለዓለም ከሚቀመጥ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ወስደን በእነዚያ ወራት የሙሉ ቀን የቋንቋ ኮርስ አስገባነው። ቤት አላስቀመጥነውም። የእርስዎ ልጆች ግን ትንንሾች ናቸው፤ የሚወድቁበት ፈተና የለባቸውም። እንዲያው ሌላ አንባቢ ጎረምሳ ይዞ መጥቶ ይህን ሁሉ ሲያነብ በጥድፊያ እንዳይወስን ብዬ ነው።

ጠያቂ፦ አዲስ ደራሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ሴት ልጃችን የተጻፈው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። የኪራይ ውሉን ያነበበችልን እሷ ነበረች፤ «ለመልቀቅ ሦስት ወር ቀድሞ ማሳወቅ» የሚለውን ሦስት ወር ብቻ መኖር እንደምንችል አድርጋ ተርጉማልን፣ ሳትተኛ አድራ ጠዋት እያለቀሰች «ወዴት ነው የምንሄደው?» አለችን። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ የትርጉሙ ስሕተት ብቻ ነበር።

ምዝገባውን ትናንት ጀምረናል። አሁን የምጠይቀው ስለ ባለቤቴ ነው። ሌሎች ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጫጉላ ጊዜ እንደሆኑ፣ ሁሉም ነገር እንደሚያምርና ችግሩ ኋላ እንደሚመጣ ነግረዋት ነበር። እሷ ግን ከአውሮፕላን ከወረደች ጀምሮ ከፍቷታል። «አሁን እንዲህ ከሆንኩ፣ ችግሩ የሚመጣ ጊዜ ምን ልሆን ነው?» ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

ይህን እኔ ልመልስ፤ ያው ወሬ እኔንም አስጨንቆኝ ስለነበር ከየት እንደመጣ ፈልጌ አንብቤያለሁ። የባህል ድንጋጤ የሚለውን አባባል ያስፋፋው ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ ካናዳዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገው ንግግር፣ በውጭ አገር የሚኖር ሰው መጀመሪያ በጫጉላ ስሜት፣ ቀጥሎ በቀውስ፣ ኋላም በማገገምና በመላመድ ያልፋል አለ። በዓመቱ ስቬረ ሊስጎርድ የተባለ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱ ሁለት መቶ ኖርዌያውያንን ጠይቆ ተመሳሳይ ነገር ጻፈ፤ ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር የቆዩት ከአጭርም ከረጅምም ቆይታ ይልቅ ከፍቷቸው ነበርና። ለባለቤትዎ የተነገራት ይህ ነው።

ልብ በሉ ግን፤ ሊስጎርድ የጠየቃቸው ሰዎች የነፃ ትምህርትና የምርምር ዕድል አግኝተው የሄዱ፣ የሚመለሱበትንም ቀን የሚያውቁ ነበሩ። ልጅ ይዞ፣ ቤት አፍርሶ፣ መመለሻ ሳይቆርጥ የወጣ ቤተሰብ ጫጉላ ከየት ያመጣል? ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ኮሊን ዋርድና ባልደረቦቿ ኒውዚላንድ የገቡ የጃፓን ተማሪዎችን ከደረሱበት ዕለት ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ተከታትለው ሲለኩ፣ ጭንቀቱ ከሁሉ በላይ በርትቶ የተገኘው ገና ሲገቡ ነበር። ስለዚህ ለባለቤትዎ «ከሁሉ የከበደው ቀን አሁን ያለሽበት ሊሆን ይችላል» ቢሏት አልዋሹም።

እኔን የረዳኝ ነገር አንድ ነበር። ባለቤቴ ለሥራ፣ ልጆቹ ለትምህርት ሲወጡ እኔ ቀኑን ሙሉ ከወረቀትና ከምድጃ ጋር ቀረሁ። ለወር ያህል ከጎልማሳ ሰው ጋር የተነጋገርኩት በስልክ ብቻ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የጎልማሶች የቋንቋ ክፍል ገባሁ። ቋንቋውን በቶሎ ባልይዘውም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለብሼ የምወጣበት፣ ስሜን የሚጠራ ሰው ያለበት ቦታ አገኘሁ። የልጆቹ ነገር ሲያልቅ ይደርሳል እያላችሁ የእሷን ምዝገባ አታዘግዩት፤ የልጆች ነገር አያልቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ፣ ምግብና ተስፋ ካጣች ግን ይህ ናፍቆት ብቻ ስላልሆነ፣ ሐኪም ታናግር፤ በአስተርጓሚ፣ ያለ ልጇ።

ጠያቂ፦ አዲስ ደራሽ

ዛሬ ሃያኛ ቀናችን ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጆቹ ሰኞ ይጀምራሉ። ትምህርት ቤቱ ለሴቷ ልጅ የቋንቋ ድጋፍ አያስፈልጋትም ሊል ሲል፣ መምህርቷ እንደመከሩኝ የጽሑፍ ምዘና ጠየቅሁ፤ ተሰጣት፤ በሳምንት አራት ሰዓት ድጋፍ ተፈቀደላት። ትንሹ አሁንም ከደጅ አይናገርም፤ አራቱን ሥዕሎች ግን ራሱ ቀለም ቀብቶ ኪሱ ከቷቸዋል። የጨመረው አምስተኛ ሥዕል አለ፤ እህቱን ነው የሣላት፣ ከጠፋሁ እሷን ጥሩልኝ ለማለት መሰለኝ።

ባለቤቴ ሐሙስ ዕለት ክሊኒኩ ተመልሳ ሄዳ ነበር። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ባለፈው «ትንሽ የደም ችግር ነው» ተብሎ የተተረጎመልን የብረት ማዕድን ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ ክኒን ታዝዞላታል። ልጃችን ከእኛ ጋር አልመጣችም። ከጎረቤት ልጅ ጋር ደጅ ገመድ ስትዘል ቆይታ፣ ስንመለስ ምን እንደተባልን ሳትጠይቀን ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች።